ሰጥተውኛል

ነርሷ በታካሚው ሰሌዳ ላይ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙቀት 36.8። አሥራ አንድ ሰዓት፣ 37.1። ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ 36.9። ሦስት ሰዓት፣ 36.7። ታካሚው ተረጋግተዋል። ትኩሳት የለም።»

በዚያው ክፍል ከመጋረጃው ማዶ የተኛችው አሮጊት ልብስ ሰፊ የሰጠችው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አሥር ሰዓት ላይ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሰማሁ። አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው በትኩሳት ይነዱ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።»

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰውየው በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሞቷል።

መርማሪው ሁለቱን ወረቀቶች በሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ደጋግሞ አነበባቸው። ባልደረቦቹ «አባ ጆሮ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ጆሮው ትልቅ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እርግጥ ትልቅ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሰው ከሚናገረው ነገር ይልቅ የተናገረበትን ቃል መስማቱ ነው። አንድ ሌባ «ሰረቁት» ማለት ሲገባው «ሰረቅ...» ብሎ ምላሱን ቢነክስ፣ አባ ጆሮ የቀረችውን አንዲት ፊደል ሰምቶ አሰረው እየተባለ ይወራል።

«ከሁለቱ አንዳቸው ዋሽተዋል» አለ ዳይሬክተሩ። «ነርሷ ከሆነች ጥፋቱ የሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ ከሆነች ግን ትኩሳት እንኳ ሳያሳይ ሰውየውን የገደለው ትላንት የሰጠነው አዲሱ የካንሰር መድኃኒት ነው ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ያሉትን ብልቃጦች ዛሬውኑ ወደ ላኪው እመልሳለሁ።»

«የቀሩት ብልቃጦች ለማን ነበሩ?»

«ለእሷው፣ ለልብስ ሰፊዋ። ሐሙስ የመጀመሪያዋን ልትወስድ ነበር።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

«ሁለቱም እውነት ተናግረው ቢሆንስ?» አለ አባ ጆሮ።

«እንዴት ሆኖ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ሟቹ በተኛበት አልጋ ላይ እንዳለ ነበር፤ መርማሪው ሳያይ እንዳይነሣ ተነግሯል። በሆስፒታሉ ውስጥ ለዚህ ሕክምና የተዘጋጀው ክፍል አንድ ብቻ በመሆኑ ወንዱንና ሴቷን የሚለያቸው ከጣሪያ የወረደ ግራጫ መጋረጃ ነው። ሟቹ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ጠመኔ እንደያዙ ተጣጥፈው ደርቀዋል። ከራስጌው ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መነጽር፣ ያልተፈታ የመስቀለኛ ቃላት ገጽና የመስታወት ብርጭቆ አለ። አባ ጆሮ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። ከሥሩ ነጭ ነገር ዘቅጧል።

«ይሄ ላቦራቶሪ ይሂድ» አለ። «ከደሙም ጋር ይመርመር።»

ሐኪሙ አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ትከሻው ወርዷል።

«አስተማሪዬ ነበሩ» አለ። «እዚህ ቤት ግማሹን ሰው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ነርሷንም፣ ዳይሬክተሩንም።»

«በሽታውን ይንገሩኝ፤ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነግሩ አድርገው።»

«ባለ ትንንሽ ሴል የሳንባ ካንሰር ነው። ትንንሽ ስለተባለ እንዳይንቁት፤ እንደሱ የሚሮጥ ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ኬሞ ይቀልጣል፤ ቤተሰብ ዳነልን ይላል። ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ በዚያው መድኃኒት ይስቅበታል።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ ዒላማ ለይቶ የሚሄድ ነው። ሁለት እጅ አለው ይበሉ። በአንዱ እጁ ይሄ የካንሰር ሴል ላዩ ላይ የሚያበዛውን ምልክት ይይዛል። በሌላው የሰውነትን ወታደር፣ ነጩን የደም ሴል፣ ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል። አጠገብ ለአጠገብ ያቆማቸውና ‹ጠላትህ ይኸውልህ› ይለዋል።»

«ደላላ ነው በሉኛ።»

«ደላላ ነው፤ የሚያገናኘው ግን ለጠብ ነው።» ሐኪሙ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። «አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ወታደሮቹ ባንድ ጊዜ ከተቆጡ ሰውነት ውስጥ ረብሻ ይነሣል። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላል፤ ከዚያ ትኩሳት፤ ከዚያ የደም ግፊት ይወርዳል። ትኩሳቱ ላይ ከደረስንበት ስቴሮይድ አለን፤ ረብሻውን የሚያበርድ ሌላ መርፌም አለን። አብዛኛው ሰው በሰዓታት ውስጥ ይረጋጋል፤ በሳምንቱም ቀጣዩን ይወስዳል። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ የምንለካው ለዚህ ነው። እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ሰው ‹ሠላሳ ስምንት ደረሰ› ቢለኝ ኖሮ...»

አባ ጆሮ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ያልተነኩትን መርፌዎች አየ።

«ይሄን ለታካሚዎቹ ነግረዋቸው ነበር?»

«ለሁለቱም አንድ ላይ። መጋረጃውን ገልጬ መሀላቸው ቆሜ ‹ትኩሳት ከመጣ እንዳትደነግጡ፣ ወዲያው እናቆመዋለን› አልኳቸው።»

አባ ጆሮ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ማስታወሻውን አውጥቶ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ።

«ኪኒን ይውጡ ነበር?»

«አይችሉም። እብጠቱ ጉሮሯቸውን ይጫነዋል። ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ካልሆነ አይወርድላቸውም።»

ነርሷን ያገኛት በዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ ነው። ባልደረባዋ በመታመሟ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምራ እስኪነጋ ብቻዋን ስትሠራ ነው ያደረችው። ዓይኗ አብጧል።

«ሲስተር፣ እህል ቀምሰሻል?»

«አይወርድልኝም።»

«ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የለካሽው ነው ወይስ የገመትሽው?»

«የለካሁት!» ብላ ብድግ አለች። «ያውም በሁለት ቴርሞሜትር። አንዱን ስለማላምነው ሁለተኛውን ደገምኩ። እሳቸው ራሳቸው ስቀውብኛል፤ ‹ዱሮም መልስሽን ሁለት ጊዜ ነበር የምታረጋግጪው፤ ሁለቱም ጊዜ ትሳሳቻለሽ› ብለው።»

«የደም ግፊታቸውስ?»

«ትንሽ ትንሽ ይወርድ ነበር። ትኩሳት ስለሌለ፣ እንቅልፍ ነው ብዬ...» አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ምን ተባባላችሁ?» አላት አባ ጆሮ።

«ብዙም አላወራንም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ደክመዋል። ‹ጋሼ፣ የሚያምዎት ነገር አለ? ማስታገሻ ልስጥዎት?› አልኳቸው። ‹ሰጥተውኛል› አሉኝ። ጠዋት ከመርፌው በፊት ስለሚሰጠው የሚያወሩ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«‹ሰጥተውኛል› ነው ያሉሽ?»

«አዎ። ምን አለበት?»

«ምንም። ሰጪዎቹ ስንት ናቸው ብዬ ነው።»

ከላቦራቶሪው መልስ የመጣው ከቀትር በፊት ነው። ብርጭቆው ውስጥ የዘቀጠው ፓራሲታሞል ነበር። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ በተቀዳው የሟቹ ደም ውስጥም፣ ንጋት ላይ በተቀዳውም ተገኝቷል፤ ያውም ብዙ። ሰሌዳው ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ፓራሲታሞል ያዘዘም ሆነ የሰጠ የለም።

«እንግዲህ» አለ አባ ጆሮ ለዳይሬክተሩ፣ «ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። አሥር ሰዓት ላይ ሰውየው ተንቀጥቅጧል። አንድ ሰው ትኩሳቱን አፍኖለታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነርሷ ስትመጣ ገላው በርዶ ጠበቃት። የታፈነው ግን ምልክቱ ነው እንጂ ረብሻው አይደለም። እሱ ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ሲሠራ አደረ።»

የዳይሬክተሩ ፊት ገረጣ። «ሆን ብሎ ነው?»

«የሰጠውማ ሆን ብሎ ነው። ምን አስቦ እንደሰጠ ነው የሚቀረን።»

የሟቹ ባለቤትና የሟቹ ታላቅ ወንድም በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ በመሀላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። ታላቅ ወንድሙ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም ነው። አባ ጆሮ ገና ሳይቀመጥ ጀመረው።

«አይጥ አደረጉት! አርባ ዓመት ላምና በሬ አክሜአለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ያልለመድኩትን መድኃኒት በጥጃ ላይ አልሞከርኩም።»

«እርስዎ ደግሞ» አለች ባለቤቱ ፊቷን ሳታዞር፣ «ዕድሜ ልክዎን ያከሙት መናገር የማይችለውን ነው፤ ማን ይወቅስዎታል?»

«ሰማኸው መርማሪ? በሐዘኗ ቀን እንኳ ምላሷ አይታጠፍም።»

«ትላንት መጥተው ነበር?» አለው አባ ጆሮ።

«ስምንት ሰዓት ላይ መጣሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ‹የጠያቂ ሰዓት አበቃ› ብለው እሷንም እኔንም አስወጡን። በር ላይ ፈርመናል።»

«ለወንድምዎ የሰጡት ነገር አለ?»

«ምክር ሰጠሁት። እሱንም አልዋጠልኝም።»

የበሩ ዘብ መዝገብ ሁለቱም ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ መውጣታቸውን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ወደ ፎቁ የወጣ ጠያቂ የለም። አባ ጆሮ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ባለቤቱ ዞረ።

«እህቴ፣ ነገሩ የማይረባ ይመስልሽ ይሆናል። ባለቤትሽ ሰው አንቱ ይል ነበር?»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እሱ? ዳይሬክተሩ ሊጠይቀው ሲመጣ ‹አንተ፣ ክፍልፋይ ገባህ?› ነበር ያለው። ሐኪሙንም አንተ ነው የሚለው፤ ነርሶቹንም ሁሉ አንቺ። ‹ያስተማርኩትን አንቱ ካልኩ ያስተማርኩትን ረሳሁ ማለት ነው› ይላል። በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ግን ለማኝ ቢሆን አንቱ ይለዋል። እኚህን» አለች ወደ ታላቅ ወንድሙ በአገጯ እያመለከተች፣ «ሲቆጣቸው እንኳ አንቱ እያለ ነው።»

«እኔን?» አለ ታላቅ ወንድም ደንግጦ። «ምን ለማለት ነው?»

«ምንም» አለ አባ ጆሮ።

ልብስ ሰፊዋ ትራስ ተደግፋ ነጭ የትራስ ልብስ ጠርዝ ትሰፋለች። የሆስፒታሉ ልብስ ነው፤ ጫፉ የተተረተረውን ሁሉ ለምና ታስመጣለች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። እጇ ቀጭን፣ መርፌዋ ግን ቀጥ ያለ ነው። በየጊዜው ጎኗን እየያዘች ከንፈሯን ትነክሳለች። መርማሪው ወንበር ሲስብ ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ ነጭ ብናኝ ጭኗ ላይ ወረደ። በፍጥነት አራገፈችው።

«ጠመኔ ነው» አለች። «የልብስ ሰፊ ጠመኔ። ልማድ አይለቅም፤ ሞት ደጄ ቆሞም መስመር አሰምራለሁ።»

«እጅዎ አልደከመም፣ እናቴ።»

«እጄ ምን ይሆናል? ሳንባዬ ነው እንጂ። ባሌ ሠላሳ ዓመት አጨሰ፤ እሱ ጤነኛ ሆኖ በእርጅና ሞተ፤ ጢሱን ለእኔ አወረሰኝ። ሌላማ ምን ነበረው ብለህ?» ልትስቅ ስትል ሳል ቀደማት። ሲለቃት ዓይኖቿ እንባ ቋጥረው ነበር። «ሐሙስ ይሰጡኛል? እሱን ብቻ ንገረኝ። ሐኪሙን ስጠይቀው ጫማውን ያያል።»

«እኔም አላውቅም። ትላንት የሰሙትን ይንገሩኝና ምናልባት ሁለታችንም እናውቅ ይሆናል።»

«ተናግሬአለሁ። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ነርሷ አልመጣችም። ልጅቷ መጥፎ አይደለችም፤ ግን ቸልተኛ ናት። መድኃኒቱ ምንም አላደረጋቸው፤ የገደላቸው ቸልታ ነው። እሱን ጻፍልኝ።»

«ተነሥተው አላዩዋቸውም?»

«እኔ? ከአልጋ የምወርደው ተደግፌ ነው። ከዚች መጋረጃ ማዶ ያለው ለእኔ ሌላ አገር ነው።»

አባ ጆሮ መጋረጃውን ተመለከተ። ከአልጋዋ ጠርዝ እስከ መጋረጃው ሁለት እርምጃ አይሞላም።

«ሕመሙ ዛሬ በርትቶብዎታል» አላት ሲነሣ።

«ለምጄዋለሁ» አለች፤ መርፌዋን ግን ሳተች።

ነርሷ ጋ ሲመለስ መድኃኒት የሚታደልበትን ጠረጴዛ ስታጸዳ አገኛት።

«ሲስተር፣ የልብስ ሰፊዋ ማስታገሻ ምንድን ነው?»

«ፓራሲታሞል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት። ሌላው ስለሚያስመልሳቸው።»

«ስትውጥ ታያለሽ?»

ነርሷ ቀላች። «ብቻዬን ነበርኩ። ራስጌያቸው አስቀምጬ ነው የሄድኩት።»

«አሁን አሥራ አንድ ሰዓትን መልሰሽ አስቢልኝ። ከ‹ሰጥተውኛል› በኋላ ሌላ ቃል የለም?»

ዓይኗን ጨፈነች። «አለ። ግፊታቸው ዝቅ ማለቱን ሳይ ‹ቆይ ዶክተርን ልጥራ› ብዬ ጮክ አልኩ። ‹አትቀስቅሻቸው› አሉኝ፤ ቀስ ብለው። ዶክተር ቢሮ ውስጥ ጋደም ብለው ነበር። እኔም እሳቸውን አንቱ ስለምላቸው፣ ስለ እሳቸው የሚሉ መሰለኝና ተውኩት።»

አባ ጆሮ ጠረጴዛውን በጣቱ አንድ ጊዜ መታ። «ሁሉንም ሰብስቢልኝ» አላት። «እዚያው ክፍል።»

አስከሬኑ ተነሥቷል። የተገፈፈው ፍራሽ ከመጋረጃው ዘንግ በታች ራቁቱን ይታያል፤ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ዳይሬክተሩ በሩን ዘግቶ ተደገፈው። ሐኪሙና ነርሷ ግድግዳው ሥር፣ የሟቹ ባለቤትና ታላቅ ወንድሙ ወንበር ላይ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ትኩሳቱን ያፈነው ፓራሲታሞል መሆኑን ታውቃላችሁ» አለ አባ ጆሮ። «ማን እንደሰጠ የነገረን ራሱ ሟቹ ነው። ‹ሰጥተውኛል› አለ። እኛ ግን አልሰማነውም።»

«ሰጥተውኛል ማለት ሰዎቹ ሰጡኝ ማለት ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «ሠራተኞቹን ነው።»

«ሟቹ ‹ሠራተኞቹ› አላለም። ያን ከሰዓት በኋላ እዚህ ፎቅ ላይ የነበረች ሠራተኛ አንድ ናት፤ እሷም አልሰጠችም። ሐኪሙ ተኝቶ ነበር። ጠያቂዎቹ ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥተዋል፤ ሰውየው የተንቀጠቀጠው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ብዙ ሰው የለም። ስለዚህ ቃሉ የብዙ ሳይሆን የአክብሮት ነው። አንድ ሰው ነው፤ የተከበረ ሰው።»

ታላቅ ወንድም ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ወጥቻለሁ! መዝገቡን አይተሃል!»

«አይቻለሁ። ይቀመጡ። ሟቹ ያስተማረውን አንቱ አይልም። ስለዚህ ሐኪሙም፣ ዳይሬክተሩም፣ ነርሷም አይደሉም። ባለቤቱም አይደለችም። ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እዚህ የነበረ ሰው ነው። ቀጥሎም ‹አትቀስቅሻቸው› አለ። ነርሷ ጮክ ስትል ሊነቃ የሚችለው ቢሮው ውስጥ የተኛ ሰው አይደለም፤ ድምፅ የሚደርሰው ሰው ነው። አንቱታ ክፉ ልማድ አለው። ቁጥርንም ይደብቃል፣ ጾታንም ይደብቃል። ሁላችንም ወንድ ስንፈልግ ዋልን።»

አንድም ሰው ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ አላየም። አለማየታቸው ራሱ ማየት ነበር።

«እናቴ» አለ አባ ጆሮ፣ «በቃልዎ ውስጥ ‹ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሰማሁ› ብለዋል። እውነት ነው፤ ጥርስ ይሰማል። ‹በትኩሳት ይነዱ ነበር› ብለዋል ደግሞ። ለዚህ ጆሮዬ ስም ወጥቶለታል፤ እኔ እንኳ ሙቀትን በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። ግንባሩን ነክተውታል። ጭንዎ ላይ የወረደውን ብናኝ ጠመኔ አሉኝ። በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ጠመኔ መስመር የሚያሰምር ልብስ ሰፊ ግን የለም። ኪኒኖቹን ጨርቁ ውስጥ ጠቅልለው ነው የፈጩት። የራስዎን ድርሻ ነው የሰጡት፤ ለዚህ ነው ከትላንት ጀምሮ ሕመም የሚያሰቃይዎት።»

ልብስ ሰፊዋ የትራስ ልብሱን ቀስ ብላ አጠፈችው። አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ትንሽ አራት ማዕዘን።

«ፈልገው ነው የጠጡት» አለች። «ሁለታችንም ሰምተናል። ይሄ ልጅ መሀላችን ቆሞ ‹ትኩሳት ከመጣ ወዲያው እናቆመዋለን› አለን። እሳቸው ላይ ካቆሙት ለእኔስ ማን ይሰጠኛል? ‹እትዬ፣ ካወቁብኝ ያቋርጡብኛል› አሉኝ እየተንቀጠቀጡ። ሰጠኋቸው። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይም ደገምኩላቸው።»

ሐኪሙ ከግድግዳው ተላቆ መጣ።

«ትኩሳቱን!» አለ። «ትኩሳቱን እናቆመዋለን ነው ያልኩት! መድኃኒቱን ማን አቆማለሁ አለ?»

አሮጊቷ አፏን ከፍታ አየችው። ሐኪሙ ያቺን ቃል በአፉ ውስጥ እንደገና ሲያገላብጣት ሁሉም አዩት፤ የማን እንደሆነች ያልተጻፈባት፣ ለትኩሳቱም ለመድኃኒቱም የምትሆን አንዲት ቃል።

«የእርስዎም ድርሻ አለበት» አለው አባ ጆሮ። «አንድ ስም ጨምረው ቢናገሩ ኖሮ መምህሩ ዛሬ መስቀለኛ ቃላቱን ይፈታ ነበር። ይህንንም እጽፈዋለሁ። አንድ የቀረ ጥያቄ ግን አለኝ።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ተመለሰ። «ሊነጋ ሲል ነቅተው ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ያጠፈችውን ጨርቅ አጠገቧ አስቀመጠች።

«ነቅቼ ነበር። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ እሰማ ነበር። የጥሪው ቁልፍ እጄ ውስጥ ነበር። ብጫነው ይመጣሉ፤ ከመጡ ያውቃሉ። ትንሽ ልጠብቅ አልኩ። ትንሽ ልጠብቅ፣ ትንሽ ልጠብቅ...» ጣቶቿ ባዶ አየር ጨበጡ። «ከዚያ የምጠብቀው ነገር አልነበረም።»

«እና እኔን ቸልተኛ አሉኝ» አለች ነርሷ በሹክሹክታ።

«ወጣት ነሽ፤ ትሻገሪዋለሽ ብዬ ነው። መድኃኒቱ ላይ ከተላከከ ግን እኔ ሐሙስ የለኝም።»

ታላቅ ወንድም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ፣ ብልቃጦቹ ግን የሚመለሱበት ምክንያት እንደሌለ ተናገረ። ከዚያ ሐኪሙን አየ፤ ሐኪሙም መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ካንሰሩ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም። ከሐሙስ ካለፈ ከወር በኋላ ብሰጣቸው ትርጉም የለውም። መስጠት አለብኝ። ግን ለሁለት ቀን ዓይን ሳይነቀል የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ አልጠብቃቸውም» አለች ነርሷ። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ነበር። «ትኩሳት ሲነሣባቸው ይደብቁኛል፤ ሲሞቱ ሰሌዳው የእኔ ነው። ዶክተር፣ ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

«ዘመድ አለዎት?» አለ ሐኪሙ ወደ አሮጊቷ ዞሮ።

ራሷን ነቀነቀች።

«ጎረቤት? የሚቀመጥልዎት ማንም?»

«ማንም።»

በኮሪደሩ የምግብ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። የሟቹ ባለቤት ከወንበሯ ተነሣች። በተገፈፈው ፍራሽ አጠገብ አልፋ ከልብስ ሰፊዋ አልጋ ሥር ስትደርስ ቆመች። ታላቅ ወንድም ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ክንዷን ቀስ ብላ አላቀቀች። አሮጊቷ ወደ ትራሷ ሸሸች።

«ሐሙስ ትወስጃለሽ» አለቻት። «ሁለቱንም ቀን አጠገብሽ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»